ያውቁ ኖሯል? ቄጠማ በሥሩ ውስጥ የአየር መንገድ ይሠራል

የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ የወረደ ሰው ቄጠማ ሳይዝ አይመለስም። ቤቱ ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ሲደርቅ ተጠርጎ ይጣላል። ይህ ለምለም ግን ሌላው ተክል ታፍኖ በሚሞትበት ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያደገ ነው። እንዴት ቻለ? የዛሬው ዓምዳችን ከእንጦጦ ጋራ ተነሥቶ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ጣናንና ፎገራን ጎብኝቶ ወደ አዲስ አበባው የካ ይመለሳል።

ከጋራው እንጀምር

1. የእንጦጦ ጋራ የውሃ መለያ ነው። በሰሜን ፊቱ የወረደው ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዐባይ ያመራል። በደቡብ ፊቱ የወረደው በቀበናና በግንፍሌ አድርጎ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይገባል። ዐባይ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲደርስ አዋሽ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በአንድ ጋራ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግም ላይገናኙ ይችላሉ።

2. እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሯጮቻችን ማለዳ ዳገቱን የሚወጡት ሰውነታቸው በሳሳ አየር መሥራት እንዲለምድ ነው። ከጋራው ሥር በጨፌው የቆመው ቄጠማ የገጠመው ፈተና ግን ከሯጩም ይብሳል፤ ሥሩ ያለበት ጭቃ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል።

3. «ጨፌ» የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ውሃ የተኛበት ለምለም መስክ ማለት ነው። የገዳ ጉባኤ በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት እስከ ዛሬ «ጨፌ ኦሮሚያ» ይባላል። በአገራችን ረግረግ የተከበረ ስፍራም ነበር።

ሥር ሲታፈን

4. ሥርም ይተነፍሳል። ቅጠል በብርሃን ስኳር ያዘጋጃል፤ ሥር ደግሞ ያን ስኳር በኦክስጅን እያቃጠለ ጉልበት ያገኛል፣ በዚያ ጉልበት ማዕድን ከአፈር ይስባል። ደህና አፈር በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ሥሩ ከዚያው ይተነፍሳል።

5. ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። የሐምሌ ዝናብ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲሞላው አዲስ አየር አይገባም። የቀረውን ሥሮችና በአፈሩ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ተሻምተው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱታል።

6. ኦክስጅን ያጣ ሥር እንደ ጠላ ጋን ይሆናል። በጋኑ ውስጥ እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ ሁሉ የታፈነው ሥርም ያንኑ ያደርጋል። ትርፉ ግን ትንሽ ነው። በኦክስጅን ቢሆን ከአንዲት የግሉኮስ ሞለኪውል 30 ያህል የጉልበት አሃድ ያገኝ ነበር፤ ያለ ኦክስጅን የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። በዚህ ገቢ ብዙ መቆየት አይቻልም።

7. በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ በጣሳ የተከሉት አበባ ውሃ ጠግቦ ሳለ የሚጠወልገው ለዚህ ነው። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። ባለቤቱ አዝኖ ውሃ ሲጨምርለት ይባስ ያፍነዋል። መድኃኒቱ ከጣሳው ግርጌ ቀዳዳ መብሳትና አፈሩ ጠፈፍ እስኪል መታገስ ነው።

ቄጠማ ያገኘው መላ

8. ረግረግ ውስጥ ያለ ተክል ጭቃው የነሳውን አየር ከላይ ያወርዳል። ቅጠሉና ግንዱ አየር ውስጥ ስለሆኑ ከእነሱ እስከ ሥሩ ጫፍ የሚወርድ ክፍት መንገድ በራሱ አካል ውስጥ ያበጃል። ይህ በአየር ክፍተት የተሞላ የተክል ሥጋ በሳይንስ ቋንቋ «ኤሬንካይማ» ይባላል።

9. ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃይንሪሽ ሼንክ ነው፤ ዘመኑም 1889 እ.ኤ.አ.። በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

10. የአየር ክፍተት የሚፈጠርባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። በአንዳንድ ተክሎች ሕዋሳቱ ሳይሞቱ እርስ በርስ ይለያያሉ፣ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ ይከፈታል። በሌሎች፣ ለምሳሌ በሩዝ፣ በበቆሎ፣ በስንዴና በገብስ፣ የተወሰኑ ሕዋሳት ራሳቸውን አጥፍተው ቦታ ይለቃሉ። የቀሩት ሕዋሳት በእነዚህ ሞት ይተነፍሳሉ።

11. ይህ ሞት ድንገተኛ ሳይሆን በሥርዓት የታዘዘ ነው። ተመሳሳዩ በእኛም አካል ተፈጽሟል፤ በእናታችን ማሕፀን ሳለን ጣቶቻችን በሥጋ የተያያዙ ነበሩ፤ በመካከላቸው ያሉት ሕዋሳት በጊዜያቸው ሞተው ነው ጣቶቻችን የተለያዩት።

12. ትእዛዙን የምታደርሰው ኤቲሊን የምትባል ጋዝ ናት። አቮካዶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ቶሎ የሚበስለው፣ ሙዝ በታፈነ ክፍል ቢጫ የሚሆነው በዚህችው ጋዝ ነው። ሥር ሁልጊዜ ጥቂት ኤቲሊን ይሠራል፤ በደረቅ አፈር ጋዙ ተበትኖ ይጠፋል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ግን መውጫ ያጣና በሥሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ሥሩ መታፈኑን ያውቃል። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ማልኮም ድሩ፣ ማይክል ጃክሰንና ባልደረባቸው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኤቲሊን በበቆሎ ሥር የአየር ክፍተት እንደሚያስከፍት አሳይተዋል።

13. ሥር ኤቲሊንን ለመሥራት ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ አየሩ ፈጽሞ ካለቀ በኋላ መልእክቱን መጻፍ አይቻልም። ሥሩ ቀዳዳውን የሚከፍተው አየር ማነስ ሲጀምር፣ ገና ትንፋሽ ሳለው ነው።

14. የሚሞቱት የትኞቹ ሕዋሳት እንደሆኑ አስቀድሞ የተለየ ነው። የሥሩ የውጭ ቆዳ አይነካም፤ ውሃና ምግብ የሚተላለፍበት የመሃሉ አስኳልም አይነካም። የሚፈርሰው በሁለቱ መካከል ያለው ሥጋ ብቻ ነው። በቀጭኑ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የብስክሌት ጎማ ይመስላል፤ መሃሉ እንብርት፣ ዙሪያው ክብ፣ በመካከላቸው ቀጫጭን የሕዋስ ሽቦዎች፣ የቀረው አየር።

15. በደንብ በለመዱት የረግረግ ተክሎች ከሥሩ ይዘት ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አየር ነው። ጤነኛ የደረቅ መሬት ተክል ሥር ግን አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚይዘው ከመቶ ጥቂት እጁን ብቻ ነው።

16. የአየር ቧንቧ መዘርጋት ብቻውን አይበቃም፤ ቧንቧው ካፈሰሰ አየሩ ጫፍ ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ ሩዝና ብዙ የረግረግ ተክሎች የሥራቸውን የላይኛ ክፍል ሱበሪን በሚባል ሰም መሰል ነገር ከውጭ ይለስኑታል። ሱበሪን የብርጭቆ ጠርሙስ ቡሽ አየር እንዳያሳልፍ የሚያደርገው ያው ነገር ነው። ክፍት የሚተወው አዲሱና ለስላሳው የሥር ጫፍ ነው፤ አየር በጣም የሚያስፈልገውም እሱው ነው።

በእጅዎ ያረጋግጡ

17. በሚቀጥለው በዓል ከጉዝጓዙ አንድ ወፍራም የቄጠማ አገዳ ያንሡ። በሁለት ጣትዎ መካከል ሲያሽከረክሩት ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ያገኙታል፤ የቄጠማ ዘመዶች መለያ ይህ ነው። በምላጭ ይቁረጡት። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የሳሳ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አጥልቀው አገዳውን ቀስ አድርገው ይጫኑት፤ አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። ያ አየር በተክሉ ሕይወት ዘመን ወደ ሥሩ ሲወርድ የነበረው አየር ነው።

18. በወንዝ ዳር አንድ ቄጠማ ከነሥሩ ተነቅሎ ቢያገኙ ሥሩን በውሃ ያጥቡት። ጭቃው ጥቁር ሆኖ ሳለ ሥሩ ብዙ ጊዜ ዝገት የመሰለ ሽፋን ለብሷል፤ በእርግጥም ዝገት ነው። ከሥሩ የሚያመልጠው ጥቂት ኦክስጅን በጭቃው ውስጥ የሟሟውን ብረት ሲነካው ያዝገዋል። በታፈነ ጭቃ ውስጥ አየር ለመውረዱ ማስረጃ ይኸው ነው።

19. ብዙ የረግረግ ተክሎች በአየር መንገዳቸው ላይ በየርቀቱ ወንፊት መሰል ክዳን አላቸው። አየር ያሳልፋል፤ ውሃ ግን ያግዳል። አገዳው በከብት ቢረገጥ ወይም በማጭድ ቢቆረጥ ውሃ እስከ ሥሩ አያጥለቀልቀውም።

20. የውሃ አበባ ከዚህም አልፎ ነፋስ ይነፍሳል። ተመራማሪው ጆን ዴሲ በ1980 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የአንድ ዓይነት የውሃ አበባ ወጣት ቅጠሎች በፀሐይ ሙቀት አየር እየገፉ በጭቃው ውስጥ ወዳለው ግንድ ያወርዳሉ፤ አየሩ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ተመልሶ ይወጣል። በአንድ የቅጠል እጀታ በቀን እስከ 22 ሊትር አየር ሊወርድ ይችላል።

ከጣና እስከ አትላንቲክ

21. የጣና ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚሁ አየር ነው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል የቄጠማ ታላቅ ወንድም ነው፤ አገዳው በአየር የተሞላ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1970 እ.ኤ.አ. «ራ 2» በተባለች የደንገል መርከብ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን በማቋረጥ በ57 ቀን ባርባዶስ ደርሷል። ያ ደንገል የተቆረጠው ከአገራችን፣ ከጣና ሐይቅ ነበር።

22. ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም ያው መላ አለው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው ይህ አረም የቅጠሉ እጀታ አብጦ በአየር የተሞላ ነው፤ ስለዚህ እንደ ፊኛ ይንሳፈፋል። ከየካ የሚወርደው ውሃ በሚጠራቀምበት በአባ ሳሙኤልም እምቦጭ ተንሰራፍቷል። የከተማው ፍሳሽ ምግቡ ነው።

በማሳችን ላይ

23. ዘይት የምንጨምቅበት ኑግ ሥሩ ውስጥ የአየር ክፍተት አለው። ጌትነት ዓለማውና ኤስ. ኤም. ሻርማ በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ኑግ ባሳተሙት ጽሑፍ ሰብሉ ውሃ በተኛበት መሬት የሚጸናው ኤሬንካይማ በመሥራቱና መተንፈሻ ሥር በማውጣቱ እንደሆነ ገልጸዋል። በመስከረምና በጥቅምት መስኩን ቢጫ የሚያለብሰው አበባ ብርታቱ ከመሬት በታች ነው።

24. ኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ጥቁር ዋልካ መሬት አላት። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ይይዛል፤ ስንዴና ገብስ ይቢጫሉ፣ ጤፍ ግን ከእነሱ በተሻለ ይቋቋማል። ገበሬው ውሃውን ለማስወጣት በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ወይም ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ ሽንብራና ጓያ ይዘራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ኢልካ የተባለ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና ባልደረቦቹ ማረሻን መሠረት አድርገው ሰፋ ያለ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ አዘጋጁ። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፤ ለሥሩ አየር ማድረስ።

25. ሩዝ ጎርፍ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስንዴና በቆሎ ቀዳዳውን የሚከፍቱት ችግር ሲደርስባቸው ነው፤ ሩዝ ግን በደረቅ አፈርም ቢሆን አስቀድሞ ይከፍታል፣ ውሃ ሲመጣ ይጨምራል። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ የሩዝ አገር የሆነው ሥሩ ለዚያ ጭቃ የተዘጋጀ በመሆኑ ነው።

26. የአየር ክፍተት ለድርቅም ይጠቅማል። ጆናታን ሊንችና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ብዙ የአየር ክፍተት ያለው በቆሎ በውሃ እጥረት ጊዜ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባዶ ቦታ ምግብ አይጠይቅም። ተክሉ የቆጠበውን ይዞ ሥሩን ወደ ጥልቅ እርጥበት ይልካል።

27. መንገዱ ግን ሁለት አቅጣጫ አለው። ኦክስጅን በወረደበት ቧንቧ ከጭቃው የሚፈጠረው ሚቴን ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል። ከሩዝ ማሳ ከሚወጣው ሚቴን እስከ 90 በመቶ የሚሆነው በተክሉ አካል ውስጥ አልፎ ነው። ሚቴን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ስለሆነ ሳይንቲስቶች የአየር ንብረትን ሲያሰሉ የሥርን ቀዳዳም ይቆጥራሉ።

ወደ የካ ስንመለስ

28. የቄጠማ ሥር ውሃ ያጠራል። ከሥሩ የሚያመልጠው ኦክስጅን በጭቃው ውስጥ አየር ያለባትን ጠባብ ሰፈር ይፈጥራል። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በሽንትና በፍሳሽ የመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ትንሽ እልፍ ብሎ አየር በሌለበት ጭቃ ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ጀርመናዊቷ ኬቴ ዛይደል ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምራ የረግረግ ተክል ቆሻሻ ውሃን እንደሚያጠራ ስታጠና ቆይታለች፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ፊላ፣ ሸምበቆና ደንገል ተተክለው ፍሳሽ ያጣራሉ። የቀበናና የግንፍሌ ዳርቻ ቄጠማ ይህንኑ ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራል።

29. ከእንጦጦ በስተ ሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳና በአዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለው የበርጋ ረግረግ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ የታየችባቸው ናቸው። በበርጋ በክረምት በለመለመው ሣርና ቄጠማ መካከል ጎጆዋን ትሠራለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች አንዷ ናት። ረግረጉ ከደረቀ ይህን መራቢያዋን ታጣለች።

30. በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስረዋል። መታሰቢያነቱ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችው ርግብ በአፏ ይዛ ለመጣችው ለምለም ቅጠል ነው። ውሃ ሲያጥለቀልቀው ከሥሩ ጀምሮ መተንፈሻ የሚያበጅ ተክል ለዚያ ቀን መመረጡ እጅጉን ተገቢ ነው።

31. ቄጠማ ከላይ ሲታጨድ ከግንዱ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ ከተነቀለ ግን፣ ቆሻሻ ከተደፋበት፣ ዳርቻው በሲሚንቶ ከተለሰነ፣ አይመለስም፤ ውሃ የሚያጠራው ሥርም አብሮት ይጠፋል።

ውድ አንባቢ፣ በቀበና ድልድይ ሲያልፉ ከዳር የቆመውን ቄጠማ ልብ ብለው ይዩት። የግቢዎ ጥግ ረግረግ ከሆነ አፈር አይድፉበት፤ ፍሳሽዎን ወደ ወንዝ አይልቀቁ፤ የሚያጭዱትን «ሥሩን ተዉልን» ይበሏቸው። ለበዓሉ የሚጎዘጎዘው ቅጠሉ ነው፤ ለከተማው የሚተርፈው ሥሩ ነው።